የቺኮሪው ቤት ሙያ

በሆለታ ቡና ጠጪን እንደ ቺኮሪ ነጋዴው የሚንቅ ሰው አልነበረም። ቺኮሪ የሚባል ተክል የተቆላና የተፈጨ ሥር በቡና ፈንታ መሸጥን የወረሰው ከአያቱ ነው። የሚቆሉት ግን እናቱ ነበሩ፤ በር ዘግተው። የቤቱ ሙያ ከአማት ወደ ምራት ይተላለፋል እንጂ ለወንድ አይነገርም። እሱ ደግሞ ቡና የማትጠጣ ሴት አጥቶ አላገባም።

ጎረቤቱ ደምሰው ቡና ቀርቶበት ራሱን በሻሽ ጠፍሮ ሲያልፍ ካየው አይምረውም።

«አንተ የስኒ ባሪያ! እኔን አታየኝም? ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም፤ ጠዋት ማታ የምጠጣው የእናቴን ቺኮሪ ነው።»

እናቱ ታመው የተኙ ጊዜ ሥሩን ራሱ ቆላ። ደንበኞቹ በማግስቱ «የአመድ ውሃ ነው የሸጥክልን» እያሉ መለሱለት። በሦስተኛው ቀን ራሱን ይፈልጠው ጀመር፤ የእናቱን ሻሽ አጥብቆ አስሮ አልጋቸው ሥር ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ቤታችን መዘጋቱ ነው። ምን ረስቼ ነው?»

እናቱ ሻሹን ትክ ብለው አዩት።

«ግማሹ ቡና ነው» አሉት። «ላንተማ ከግማሽም በላይ ነበር የማደርግልህ።»