የኤፍራታ ፍላሽ

ዓርብ ሰኔ ስድስት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የክፍሉ አንደኛ የሆነችው ተማሪ ቫይረስ ያበላሸውን የጓደኛዋን የኤፍራታን ፍላሽ ፎርማት አደረገችው።

«ፋይሉን በኋላ እመልሰዋለሁ» ብላት ነበር፤ ግን አልተመለሰም። ኤፍራታ የራሷ ኮምፒውተር ስለሌላት፣ ሰኞ የምታስረክበው የመመረቂያ ጽሑፍ የነበረው እዚያ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው።

ኤፍራታ አልቅሳ ሲወጣላት፣ መልሳ ጓደኛዋን አጽናናቻት። «ተይ እንጂ ሆዴ፣ አንቺ ምን ታደርጊ? ዱርዬው ፍላሹ ነው።»

ተማሪዋ ግን ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። ባለፈው ሳምንት፣ ኤፍራታ ገላዋን ልትታጠብ እንደወጣች፣ ከራሷ ጽሑፍ ይሻል እንደሆነ ለማየት የጓደኛዋን በስውር ወደ ላፕቶፗ ገልብጣው ነበር። እስካሁን አላጠፋችውም።

«የማስታውሰውን ያህል እንደ አዲስ ልጻፍ። ላፕቶፕሽን ታውሺኛለሽ?» አለቻት ኤፍራታ።

ተማሪዋ ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳብ ስታደርግ፣ ኤፍራታ ደግማ ለመነቻት፦ «እስከ እሑድ ብቻ፣ እሺ?»