የሆድ ማጠቢያው ቱቦ

ከአሮጌው አምቡላንስ የወረዱት ዕቃዎች በጤና ጣቢያው ግቢ ሸራ ላይ ተዘርግተዋል። አሠልጣኟ ወጣት አንድ የጎማ ቱቦ ብድግ አደረገች።

"ጋሼ፣ ይሄ ለምንድን ነው?"

ሠላሳ ዓመት በአምቡላንስ የሠራው ነርስ ፈገግ አለ። "ላምባ ለጠጣ ልጅ ነዋ! በአፉ አስገብተን ሆዱን እናጥበዋለን።"

"ከእንግዲህ እንዳያደርጉት! ላምባው ወደ ላይ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ልጁን የሚገድለው እሱ ነው። ሆዱን ሳይነኩ ቶሎ ሆስፒታል ማድረስ ብቻ።"

"ድሮም እንደዚያ ነበር?"

"ድሮስ ቢሆን ጋሼ፣ ሳንባ ያው ሳንባ አይደል?"

"ጋሼንም ከቱቦው ጋር አብረን እንጣላቸዋ!" አለ ሾፌሩ። ሁሉም ሳቁ። ነርሱም አብሯቸው ሳቀ፤ የሥልጠናውን ወረቀት ፈርሞም ወጣ። የቤቱን መንገድ እንዴት እንደጨረሰው አላወቀም።

ሚስቱ አስካለ ንፍሮ ቀቅላ ጠበቀችው። ትንሿ ልጃቸው ላምባ ጠጥታ ከሞተች ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ሆዷን ያጠባት እሱ ራሱ ነበር።

"ወይኔ፣ ያን ቀን ቶሎ ብጠራህ ኖሮ ታድናት ነበር" አለች አስካለ፣ እንደ ወትሮዋ።

ጫማውን ሲያወልቅ ብዙ ቆየ።

"አዎ፤ ዘግይተሽ ነበር" አላት።