በገመዱ ላይ ያለው ሲሊንደር

የሳንታ ማሪያ በዓል ማግስት፣ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቼታ ትርፍ የአየር ሲሊንደር ከጀልባዋ ሥር በገመድ አንጠለጠለች። ባሏ ዊስቲን በጦርነቱ ጊዜ የሰጠመችውን መርከብ ጎታች ጀልባ ጠልቆ አይቶ ሲመለስ፣ ከውኃው ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው አየር አልቆበት ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ሲሊንደር ሳታንጠለጥል ጠልቃ አታውቅም።

"ዛሬም ለሱ ነው?" አላት ወንድሟ ኔኑ። "እሱ እንደሆነ የሰው አየር እንደ ሲጋራ መለመን ይወድ ነበር።"

"ነገር ተውና የአየር መለኪያውን ጌጅ እየው።"

"ሙሉ ነው፣ እህት ዓለም።"

በአካባቢው ሌላ ጀልባ አልነበረም። ሁለቱ ብቻ ወረዱ። ቼታ እንደ ልማዷ የሰጠመችውን ጎታች ጀልባ የዛገ የጭስ ማውጫ ዳሰሰች፤ ከዚያ ጎን ለጎን ተመለሱ።

በገመዱ ላይ የተንጠለጠለው ሲሊንደር ባዶ ነበር።

"አየሩ አምልጦ ይሆናል" አለ ኔኑ። እዚያው ጀልባው ላይ ባለው የአየር መሙያ ሞልቶ ውኃ ውስጥ ነከረው። አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም።

ቼታ የመተንፈሻውን አፍ ከንፈሯ ላይ አደረገችው። ይሞቃል።

"ለመውጣት ይበቃው ይሆን?" አለች።

ኔኑ ገመዱን ይጠቀልል ጀመር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቼታ ሁለት ሲሊንደር ታንጠለጥላለች።