የወይዘሮ ከድጄ አስተርጓሚ

ወይዘሮ ከድጄ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ከወደቁ ወዲህ አማርኛው ከአፋቸው ጠፋ። የቀራቸው ከተራራ ሥር ያለችው የትውልድ መንደራቸው ንግግር ብቻ ነው። ቃሉን ከጉሮሯቸው ገፋ አድርገው ያወጡና ጫፉን ይውጡታል። ቸሃ የሚባለውን ጉራጌኛ የሚናገሩ ጎረቤቶች ለመረዳት ሞክረው ተዉት። እዚሁ ቡታጅራ ከተማ ተወልዳ በአማርኛ ያደገችው ልጃቸው ዘይባማ አንዲትም ቃል አልገባትም።

ሐኪሙ «ቤት ወስዳችሁ አስታምሟቸው» ካለ በኋላ ዘይባ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ እናቷ የሚሉትን ሰምታ መሸኘት።

የዚያች መንደር ሰው ከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ኡበይድ። በልጅነታቸው ወጥተው መርካቶ ያደጉ፣ አገሬ አገሬ ማለት የማይሰለቻቸው ሰው ናቸው። ሲለመኑ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ሰው ከተገኘ ሌላ መጥራት ምን ያደርጋል ተብሎ ወደ መንደሩ መልእክት አልተላከም።

አሮጊቷ ብዙ ተናገሩ። አቶ ኡበይድ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ።

«ምን አሉ?» አለች ዘይባ።

«መረቁሽ። አላህ ይጠብቅሽ አሉ።»

በየቀኑ መጡ። በየቀኑም አሮጊቷ ያንኑ ደገሙ፤ በደህናው እጃቸው ወደ አቶ ኡበይድ እየጠቆሙ፣ እንባቸው እየወረደ። በየቀኑ ምርቃት ሆኖ ተተረጎመ።

ዘይባ ጠረጠረች። ሲመርቅ ጣት የሚቀስር ሰው አይታ አታውቅም። መንደር ያለው የእናቷ የእንሰት መሬት ደግሞ ከአቶ ኡበይድ ወንድም ማሳ ጋር ይዋሰናል።

«ጋሼ፣ ስለ መሬቱ ያነሱት ነገር የለም?»

«ኧረ የለም፣ ልጄ» አሉና ጫማቸውን ፍለጋ ተነሡ።

ከዚያ ወዲያ የእናቷን ድምፅ በስልኳ እየደበቀች ቀዳች። ወይዘሮ ከድጄ እንደጠቆሙ አረፉ። ዘይባ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ባሰባት፤ እናቷን ሳትሰማ ቀበረቻቸው።

መታመማቸው ያልተነገረው መንደር መሞታቸው ተነገረው። ለቅሶው ላይ የሟች ታናሽ እህት ፈቲሀ በሚኒባስ ደረሱ። ወንዶቹ መሀል የተቀመጡትን አቶ ኡበይድን በመንደራቸው ንግግር ሰላም አሏቸው።

አቶ ኡበይድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አቀረቀሩ። ዘይባ ይሄንንም ያዘችባቸው።

አክስቷን ጓዳ አስገብታ ስልኩን ከፈተችላቸው።

«ስለ መሬቱ ነው አይደል፣ አክስቴ?»

ፈቲሀ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ። እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ከዚያ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«መሬት አላለችም፣ ልጄ። ‹ይሄ ሰውዬ ቋንቋችንን አይችልም፤ የሚችል ሰው ጥሩልኝ› ነው የምትለው።»