መብራት የነካው ውሃ

ሴትዮዋ ባዶ ጀሪካኗን ከቦኖው ጠባቂ ከጋሽ ዘርጋው እግር ሥር ወረወረችው።

«ይኸው ልጄ ዛሬም ሲያስቀምጠው አደረ። መብራትዎ ውሸት ነው!»

ጋሽ ዘርጋው አልተቆጡም። ቧንቧው የሚያልፍበትን የብረት ሣጥን መታ መታ አደረጉ። «አልትራቫዮሌት ይሉታል። ውሃው በዚህ መብራት ፊት ሲያልፍ፣ በዓይን የማይታየው ነፍስ ያለው ሁሉ ይሞታል። የኔም ልጆች የሚጠጡት ይኸንኑ ነው» አሏትና አንድ ጣሳ ቀድተው ግጥም አደረጉ።

እሷ ግን አላመነችም። መድኃኒት ያልገባበት፣ እሳት ያልነካው ውሃ በመብራት ይጠራል? ቢጠራስ፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ሲድኑ የእሷ ብቻ ለምን ይታመማል? ሰውዬው ቂም ይዘውባት፣ ተራዋ ሲደርስ መብራቱን ያጠፉባት ይሆን? ቀድታ እስክትጨርስ ዓይኗን ከእጃቸው ላይ አልነቀለችም።

ቤት ስትገባ ልጁ ከንፈሩ ደርቆ ውሃ ለመናት።

«ቆይ የኔ ጌታ፤ የሞተ ውሃ አላጠጣህም» አለችና፣ እንደ ሁልጊዜው ከማድጋው የወንዝ ውሃ አንድ ጣሳ ጨልፋ ጀሪካኑ ውስጥ ጨመረችበት። «መጀመሪያ ነፍስ ይዝራ።»