የማይለቅ ቀለም

ከኢቦላ የዳነ ሰው ከሕክምና ጣቢያው ሲወጣ መዳፉን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነክሮ መውጫው ግድግዳ ላይ ያትማል። ፊንዳም አትማ ወደ ከተማዋ ኮይዱ ከተመለሰች ወራት አለፉ፤ እጇን የሚጨብጣት ግን አላገኘችም። «ድኛለሁ እኮ» ማለቱም ታከታት።

ዛሬ ታላቅ እህቷ ኩምባ ሩዝ በካሳቫ ቅጠል ወጥ ይዛላት መጣች።

«ነይ፣ አብረን እንብላ።»

«ቢጋባብሽስ እህቴ?»

«ኧረ ወዲያ! ሐኪሞቹ ድናለች ብለው የለ!»

ከአንድ ሳህን በሉ። ኩምባ ሕፃን ልጇንም አጎረሰችው። ከዚያ እጇን በበረኪና ውሃ ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር ከየት መጣ? አልለቅ አለኝ።»

መዳፏ ሰማያዊ ሆኗል። ፊንዳ የራሷን ገልብጣ አየች፤ ንጹሕ ነው።

ከኋላቸው ሕፃኑ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እጁን ሲያነሳ ትንሽ ሰማያዊ መዳፍ ታትሞ ቀረ።