ሠላሳ ነጥብ አምስት

ሰዓት ሠሪው ጥላዬ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያውን እንደሰካ የሽማግሌውን የእጅ ሰዓት ተቀበለ እንጂ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

"ባትሪውን ቀይርልኝ፣ ልጄ።"

"መስታወቱስ የት ሄደ፣ አባባ?"

"እሱ ይቅር። ለእኔ እንዲህ ይሻለኛል።"

"ሰዓት ራቁቱን ከእኔ ሱቅ አይወጣም!"

ባትሪውን ቀየረና የሰዓቱን አፍ ለክቶ፣ መሳቢያው ውስጥ ከተደረደሩት መስታወት የያዙ ትንንሽ ፖስታዎች አንዱን መዘዘ። "ይኸው ይመልከቱ፣ 305 ይላል። የማያውቅ ሁሉ ሦስት መቶ አምስት ብሎ ያነበዋል። ሠላሳ ነጥብ አምስት ሚሊሜትር ማለት ነው! አጠገቡ ያለችው ክብ ደግሞ ቅርጹን ታሳያለች።"

"እኔኮ፣ ልጄ…"

"ይቆዩ፣ አባባ! ግማሽ ሚሊሜትር ቢጎድል ይወልቃል፣ ቢበልጥ አይገባም። ከዚህ ዓይን ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር አታመልጥም።"

መስታወቱ ቀጭ ብሎ ገባ። ጥላዬ ወልውሎ በኩራት መለሰላቸው።

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው የሰዓትና የደቂቃ ቆጣሪዎቹን ሊዳብሱ አውራ ጣታቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ተንሸራተተ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ተንሸራተተ። ባንኮኒው ላይ ያስደገፉትን ነጭ በትር ፈልገው ያዙና፣

"በል እንግዲህ አንተው ንገረኝ፣ ልጄ" አሉት። "ስንት ሰዓት ሆነ?"